ስለ ጡንቻ እንዝርትና ስለ ሕሊና

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በእግሩ የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑን በሩቁ ሜዳ ላይ ጥሎ ከባልንጀራው ጋራ እየተጫወተ ይሄዳል። ጠጠር ከእግሩ ሥር ሲንሸራተት ግን ልቡ ገና ሳይደነግጥ ጭኑና ባቱ ጠንክረው ያቆሙታል። በደሴ አድባራትም በማኅሌት ሌሊት መቋሚያውን ተደግፎ የሚቆም ካህን ሰውነቱ ጥቂት ሲያዘነብል ሳያስበው ይመለሳል። ይህን ያደረገው ማን ነው? ፈቃዱ እንዳይባል አላዘዘም፤ ሌላ እንዳይባል የገዛ ሥጋው ነው።

የሰውነትን ሥራ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በሰውና በሚያጠቡ እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ረቂቃን አካላት አሉ። መካከላቸው ወፍሮ ጫፋቸው ስለ ቀጠነ፥ ፈትል የተጠቀለለበትን እንዝርት ስለሚመስሉ፥ የጡንቻ እንዝርት ተብለዋል። እንግሊዛዊው ሸሪንግተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 የስሜት ነርቮች ከእነርሱ እንደሚነሡ አረጋገጠ። ጡንቻው ሲሳብ በእንዝርቱ ላይ የተጠመጠመው የነርቭ ጫፍ አብሮ ይሳባል፤ ወሬውንም ወደ ኅብለ ሰረሰር ይልካል፤ ከዚያም ትእዛዝ ተመልሶ ያንኑ ጡንቻ ያኮማትረዋል።

የነርቩም ጫፍ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ጡንቻው በመሳብ ላይ ሳለ፥ ይልቁንም መሳቡ በፈጠነ መጠን፥ አብዝቶ ይናገራል፤ መሳቡ ሲቆም ግን ቃሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከፍጥነቱ ይልቅ ስለ ርዝመቱ ይመሰክራል፤ ጡንቻው ተስቦ እስከ ቆየ ድረስም ምስክርነቱን አያቋርጥም።

ደግሞም ጡንቻው ሲኮማተር እንዝርቱ ይላላል፤ የላላ ዘበኛም ወሬ አያመጣም። ስለዚህ ለእንዝርቱ ብቻ የሚሄዱ ቀጫጭን የትእዛዝ ነርቮች አሉ፤ ስዊድናዊው ሌክሴል ሥራቸውን በ1945 ገልጧል። ሰው ሊንቀሳቀስ ሲፈቅድ ትእዛዙ ለጡንቻውም ለእንዝርቱም አብሮ ይወርዳል፤ እንዝርቱም ጫፎቹን አኮማትሮ መካከሉን ይወጥራል።

እንግዲህ፥ ሕሊናም ሳይጠሩት የሚነሣ ከሆነ፥ ሕሊናው ዝም ያለበት ሰው በምን ይወቀሳል? የሥጋ ነገር ለነፍስ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ምሳሌው መንገድ ያሳያል። ሚዛን ማጉደል የጀመረ ነጋዴ በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በዓመቱ ግን አይሰማውም። ሕሊናው መሳቡን ነግሮት ነበር፤ ተስቦ መቅረቱን ግን አይነግረውም። እርሱም ዝምታውን እንደ ንጽሕና ይቈጥረዋል፤ ስሕተቱም በዚህ ነው። ከቀድሞ ቦታው ምን ያህል እንደ ራቀ የሚመሰክርለት ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በንስሐ አባት ፊት ሥራውን መቍጠር ነው። ጾምና ጸሎትም የላላውን ዘበኛ እንደገና ይወጥሩታል።

ስለዚህ ሰው አልደነገጥህም ተብሎ አይፈረድበትም፤ መደንገጥ ከፈጣሪ የተሰጠው ነውና። የሚጠየቀው ዘበኛው ሲላላ እያየ ስለ ተወው ነው። ያም ነጋዴ ልቡ እስኪታወክ ድረስ አይጠብቅ፤ ዛሬ ሚዛኑን አውጥቶ ይመርምር።