የማያዳላ ውኃ

በደቡብ ጀርመን፣ ባየርን በሚባለው አገር፣ ከኦስትሪያ ወሰን አጠገብ፣ ኮኒግስዜ የሚሉት ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 603 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የጥንት የበረዶ ግግር በቦረቦረው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተኝቷል፤ ርዝመቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እጅግ በጠለቀበትም ስፍራ 190 ሜትር ይወርዳል። በግራና በቀኝ ገደሉ ከውኃው ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ፣ በብዙ ቦታ ከታንኳ የወደቀ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ዳርቻ አያገኝም። ውኃው ግን ከጥራቱ የተነሣ የታቹን ጠጠር አንድ በአንድ ያሳያልና፣ በበጋ ፀሐይ የደከመ መንገደኛ ልብሱን አውልቆ ሊገባበት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሐይቁ ቅዝቃዜ ምክንያቱ ስውር አይደለም። ቫትስማን የሚባለው ተራራ በምሥራቅ ፊቱ 1800 ሜትር ያህል የሚሆን የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ከዚያ ግድግዳ የሚናደው በረዶ ከሥሩ እየተከማቸ፣ የአገሩ ሰዎች የበረዶ ቤተ ጸሎት ብለው የሰየሙትን ክምር ለብዙ ዘመን ሲመግብ ኖሯል፤ ከዚያም እየቀለጠ የሚወጣው ጅረት ጠጠሩን ጠርጎ በማውረድ፣ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን የቆመበትን ልሳነ ምድር ሠርቷል። በሐምሌና በነሐሴ የላይኛው ውኃ 18 ዲግሪ ሊደርስ፣ በመልካም ዓመትም ከዚያ ጥቂት ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ሙቀት ግን እንደ ስስ መጋረጃ ከላይ የተዘረጋ ብቻ ስለሆነ፣ ፀጥ ባለ ቀን ለብ ባለው ውኃ ደስ እያለው የሚዋኝ ሰው እግሩን ወደ ታች ቢዘረጋ ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል። ነፋስ የተነሣ እንደሆነም ሞቃቱን ውኃ ወደ አንዱ ዳርቻ ገፍቶ በሌላው በኩል ቀዝቃዛውን ከታች ያወጣዋልና፣ ትናንት የሞቀው ቦታ ዛሬ እንደዚያው ይቆየኛል ማለት አይቻልም። ከሁሉ በታች ያለው ጥልቅ ግን ክረምት ከበጋ ከ4 እና ከ5 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል።

በዚህ በ4 ዲግሪ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል፤ በሥነ ፍጥረት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነውና። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ ማለት ይቻላል በቀዘቀዘ መጠን እየከበደ ይሄዳል፤ ውኃ ግን 4 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ከብዶ፣ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀልላል። ስለዚህ በክረምት በረዶው ከላይ ይረጋል እንጂ ከታች አይጀምርም፤ በበረዶው ጣራ ሥር ቀይ ሆድ ያለው የተራራ ዓሣ ሳይሞት ከርሞ በጸደይ ይወጣል። ውኃውም በረዶውም እንደ ሌላው ሁሉ በቀዘቀዙ መጠን እየከበዱ ቢሄዱ ኖሮ፣ በረዶው ከሥር እየተከማቸ ወደ ላይ በመጣ፣ በውስጡ ያለውም ፍጥረት መክረሚያ ባጣ ነበር። ሊቃውንት ከአራቱ ባሕርያት አንዱ የሆነውን ውኃን ቀዝቃዛና ርጡብ ሲሉት፣ ቅዝቃዜውን እንደ ጉድለት አልቈጠሩበትም፤ ከፈጣሪው የተሰጠው ጠባዩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። በልሳነ ምድሩ ላይ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1134 ሲሆን፣ ከ1635 ጀምሮም ማርያ አልም ከምትባለው የኦስትሪያ መንደር ምእመናን የድንጋይ ባሕር የሚባለውን ራቁቱን ተራራ በእግራቸው ተሻግረው፣ በሐዋርያው በበርተሎሜዎስ በዓል ሰሞን ሊሳለሙ ይመጣሉ። በ1688 በነሐሴ ወር ተሳላሚዎችን የጫነች ታንኳ ፋልከንሽታይን ከሚባለው ገደል ሥር ሰጠመች፤ 70 ያህል ሰዎችም አለቁ። በገደሉ ላይ እስከ ዛሬ ለመታሰቢያ የተተከለ ቀይ መስቀል ይታያል። እነዚህ ሰዎች ለዝርፊያ ወይም ለዘፈን የወጡ አልነበሩም፤ ስእለታቸውን ይዘው ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄዱ ነበር። የምዕራብ ሰዎች ሐዋርያው ቆዳው ተገፎ ሰማዕት ሆነ ይላሉ፤ መስከረም 1 ቀን የሚነበበው ስንክሳራችን ግን አሸዋ በሞላው የጠጉር ስልቻ ከትተው ከባሕር እንደ ጣሉት ይነግረናል። ውኃ የሰማዕቱ መሞቻ እንደ ሆነ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ፣ በእርሱ ስም የመጡት ምእመናን በውኃ መሞታቸውን ሲሰማ ልቡ በብርቱ ሊታወክ ይገባዋል።

ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚሄዱትን ውኃው ስለ ምን አልለያቸውም? ለዚህ ጥያቄ ሰዎች ቶሎ ብለው የሚሰጡት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ የተሰወረ ኀጢአት ነበረባቸው ይላል፤ ይህን አሳብ ጌታችን ራሱ፣ የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች በተናገረ ጊዜ ስላፈረሰው፣ ከክርስቲያን አፍ ባይወጣ ይሻላል። ሌላው ደግሞ ውኃው ውኃ ነው፣ ከእግዚአብሔር ጋር የሚያገናኘው የለም ይላል፤ ይህኛው አስተዋይ ይመስላል እንጂ፣ መግቦቱን ከፍጥረቱ ለይቶ ፈጣሪን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል።

እኔ የምለው ሦስተኛ ነገር ነው። ውኃው ጻድቁንና ኃጥኡን፣ ተሳላሚውንና ወንበዴውን በአንድ ልክ ማቀዝቀዙ፣ ፀሐይን ለክፉዎችና ለደጎች በሚያወጣው አምላክ ዘንድ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም፤ የታማኝነቱ ገጽ ነው። ጸሎተኛው በገባበት ሰዓት የሚሞቅ፣ ከሓዲው ሲገባ የሚቀዘቅዝ ሐይቅ ቢኖር፣ በዚያ ሐይቅ ዓሣው እንዴት ይከርማል? ታንኳ ቀዛፊው መንገዱን በምን ያውቃል? እናትስ ልጅዋን ከዳርቻው እንዳይርቅ በምን ምክንያት ታስጠነቅቀዋለች? ሕጉ ለሁሉ አንድ ስለ ሆነ ሰው ሊማረው፣ ተምሮም ሊጠበቅበት ይችላል። የሚገድለው ቅዝቃዜና ዓሣውን የሚያኖረው ቅዝቃዜ ሁለት አይደሉም፤ አንዱን ወድጄ ሌላውን እጠላለሁ ማለት አይቻልም።

ይህን ስል መልሱ ሙሉ ነው አልልም። በዚያ ቀን ባልዋን ያጣች ሴት ስለ ውኃ ባሕርይ ብትነገራት አትጽናናም፤ ሊያጽናናትም የሚነሣ ሰው እንዲህ ያለውን ትምህርት ትቶ አብሮአት ቢያለቅስ ይበጃል። የሥርዐት እውነት የኀዘንን እንባ አያደርቅም፣ ኀዘንም ሥርዐቱን ሐሰት አያደርገውም። የአገሩ ሰዎች ግን ከመከራው በኋላ ስእለታቸውን አልተዉም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከ1697 ጀምሮ ታድሶ፣ ዛሬ የሚታወቅበትን ቀይ ጉልላት አገኘ። ይህ ከብዙ ክርክር የሚበልጥ ምስክርነት ይመስለኛል።

ታዲያ ሕጉ የሚታመን ከሆነ ማወቁ ግዴታ ይሆናል። ሰው 15 ዲግሪ ከማይሞላ ውኃ ድንገት ሲገባ፣ ሳይፈቅድ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ልቡ ይደልቃል፤ የደሙም ግፊት ከፍ ይላል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ አፉ ከውኃ በታች ሳለ ከመጣበት፣ ብርቱ ዋናተኛ እንኳ ዳርቻው ጥቂት ክንድ ሲቀረው ይሰጥማል። ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ የሚገድለው ሰውነትን ቀስ በቀስ በማደንዘዝ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚጠፉት በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ድንጋጤው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲበርድ፣ ቅዝቃዜው ወደ ጡንቻው ይገባል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳልና፣ ጣቶች አልታዘዝ ይላሉ፤ ክንድም ይዝላል፤ ልብ ገና አልደከምኩም እያለ ሥጋ አስቀድሞ ይከዳል።

ይህን እያወቀ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ብሎ ከገደል ላይ ዘሎ የሚገባ ሰው፣ እምነት ያለው ቢመስለውም፣ ዲያብሎስ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ለጌታ ያቀረበውን ፈተና በራሱ ላይ መፈጸሙ ነው። በገድላት እንደምናነበው በባሕር ቆመው ያደሩ አባቶች አሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ሥጋቸውን በጾምና በስግደት ብዙ ዘመን ያስለመዱ፣ በመምህር ምክር የሚሄዱ ነበሩ፤ ትሕርምታቸውም ለንስሐና ለጸሎት እንጂ ለመታየት አልነበረም። በአንድ የበጋ ከሰዓት በኋላ ባልንጀሮቹ እያዩት የሚዘል ጐልማሳ ስማቸውን መጥራት አይገባውም።

ወደ ሐይቁ የሚገባ ሰው የሚጸልየው ጸሎት ካለ፣ ውኃው ይሙቅልኝ ሳይሆን ማስተዋልን ስጠኝ የሚል ይሁን። ማስተዋሉ ከተሰጠው፣ ከጠጠሩ ዳርቻ በእግሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ፊቱንና ደረቱን አስቀድሞ ያርሳል፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያም ወደ መካከል ሳይሆን ከዳርቻው ጐን ለጐን፣ የሚያየው ሰው ባለበት ይዋኛል። ገና ደኅና ነኝ እያለ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ ይበርዳልና፣ ቶሎ ገላውን አድርቆ ደረቅ ልብስ ይልበስ፣ ትኩስ ነገርም ይጠጣ፤ እስኪሞቅ ድረስ ብቻውን ወደ መንገድ አይውጣ።