መልሱን ማን ጻፈው?

ኮድ ጽፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ፕሮግራሙ አልሠራ ይላል። የስህተት መልእክቱን ኮፒ አድርጋችሁ ትፈልጋላችሁ። ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው ያንኑ ጠይቋል፤ ሌላው ደግሞ ቁጭ ብሎ መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተበላሸም ጽፎለታል። ኮዱን ትወስዳላችሁ፣ ይሠራል፣ በቃ። የጻፈውን ሰው ስም ማን ያያል?

በዚህ ዓይነት መልስ የተሞላው ስታክ ኦቨርፍሎው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መላሾቹ የሚያገኙት ነጥብና ባጅ ነበር፤ ነጥብ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በ2021 ድርጅቱ ፕሮሰስ ለተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ መልስ ስለጻፈ ብቻ ድርሻ የደረሰው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ቆሞ መናደድ ይቻላል። እኔን ግን ሽያጩ ብቻውን አያናድደኝም። ገጠር ያደገ ሰው ደቦና ወንፈልን አያምታታም። ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፤ ዛሬ አንተ እርሻ ላይ ከዋልኩ ነገ እኔ ጋ ትውላለህ። ፕሮግራመር ለፕሮግራመር የሚጽፈው ወንፈል ነው፤ ልዩነቱ ብድሩ የሚመለሰው ላበደረው ሰው አለመሆኑ ነው። አንዱ የጻፈልኝን እኔ ለሌላው እጽፋለሁ። ውልም ነበረው እኮ፤ መልሶቹ የወጡበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ማንም እንዲወስዳቸው፣ እንዲሸጣቸውም ይፈቅዳል፤ የጸሐፊውን ስም እስከጠቀሰና በዚያው ፈቃድ እስካጋራ ድረስ። ደሞዙ ስሙ ነበር ማለት ነው።

ስም ቀላል ነገር ከመሰላችሁ ዶናልድ ክኑዝን ተመልከቱ። የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ጥበብን የሚያስተምረው ዝነኛ ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ በ1968 ወጣ። በመጽሐፎቹ ውስጥ ስህተት ቀድሞ ላገኘ ሰው የ2.56 ዶላር ቼክ ይልክ ነበር። (256 ሳንቲም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 100 ተብሎ ይጻፋል፤ የፕሮግራመር ቀልድ ነው።) ብዙዎቹ ቼኩን ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ያጎነበሰ ሰው ድካም በ2.56 ዶላር አይከፈልም፤ ቼኩ የሚለው «አይቼሃለሁ» ነው።

አሁን የተነካው ይኸው ነው። በሜይ 2024 ስታክ ኦቨርፍሎው ከኦፕንኤአይ ጋር ስምምነት ገባ። በተቃውሞ የገዛ መልሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ አንዳንድ ጸሐፊዎች አካውንታቸው ታገደ። በሕግ ዓይን ድርጅቱ ምናልባት ትክክል ነው፤ ፈቃዱን አንዴ ከሰጠህ አትነጥቅም። ግን ማሽኑ መልሱን ከሺህ ሰው ጽሑፍ ጋር ቀይጦ ሲያቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለበትም። ወንፈል የዋለው ሰው መዋሉ ራሱ ተረሳ።

ማሽኑን ግን መርገም አልችልም። ስታክ ኦቨርፍሎው በፖርቱጋልኛ፣ በሩሲያኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛም ተከፍቷል፤ በአማርኛ የለም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው የባሕር ዳር ተማሪ ዛሬ ቻትጂፒቲን በአማርኛ ይጠይቃል፤ አማርኛው እየተንገዳገደም ቢሆን ይመልስለታል። «ይሄ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ብሎ የሚያሸማቅቀውም የለም። ይህን ልጅ የማያውቃቸው ሰዎች ስም ስለቀረ ተወው የምለው በምን አፌ ነው?

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ትናንት የወጣ ላይብረሪ የሚያመጣውን ስህተት ማሽኑ ከየት አንብቦ ያውቀዋል? መጀመሪያ አንድ ሰው ገጥሞት፣ ሁለት ቀን ተሰቃይቶ፣ ሌላው እንዳይሰቃይ ብሎ መጻፍ አለበት። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ በጣም አሽቆልቁሏል። ጥያቄው የሄደው ወደ ግል የቻት መስኮት ነው፤ መልሱም እዚያው ይቀራል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው አይታይም። ሁለት ቀን የተሰቃየው ሰውም መፍትሔውን ሲያገኝ ላፕቶፑን ዘግቶ ይተኛል።