እሺ ማለት የማን ነው?



በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና፣ የዕብራይስጥን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ኖሯል። ለእንዲህ ያለ ሰው እጅ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁንና ብዕር ሲጨብጡ ብቻ ጣታቸው የሚኮማተርና የሚጠማዘዝባቸው ሰዎች አሉ። ማንኪያ ሲይዙ ደኅና ስለሚሆኑ «ሰነፍ» ይባላሉ። ነገሩ ግን ከአንጎል የሚመጣ ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ዲስቶኒያ ይሉታል።

በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፣ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን በመግነጢስ የሚቀሰቅስ መሣሪያ አሳዩ። ዘዴው በብዙ አገሮች ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተፈቅዷል። ለዚህ የእጅ ሕመም ግን ገና በጥናት ላይ ነው፤ የተለመደው ሕክምና የቦቶክስ መርፌ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ በዕብራይስጥ ሲያስረዳ ትንሽ ልጅ እየተረጎመ፣ አባት ሐኪሙን ላለማስቀየም ራሱን ቢነቀንቅ፣ ፈቅዷል ማለት ይቻላልን?

አይቻልም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም በራሱ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው በመግነጢሱ ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ መናገር አለበት። ጥያቄው ካልገባው ግን እንዴት ይናገራል? ለልጅም ይህን ኃላፊነት ማሸከም አይገባም።

አዋቂን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ ማክበር ግን ዝም ማለት አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የታካሚ መብት ሕግ፣ ማብራሪያው ለታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «የተረጋገጠ ነው ወይስ ሙከራ? ጉዳቱስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ያለ ፈቃዱ የሚጠማዘዝን እጅ ለማከም፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጀመር አይገባም።