ጥግ የቀረው ፈትል

ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ሸማኔዎች በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ጥለቱ የማይዛነፍበት ሙያተኛ ነው።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየተሸከሙ ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ጉልበታቸው ደክሞ ቤት ውለዋል፤ ከሐምሌ ቁር የሚከልላቸው የላቸውም። «እኛ እንፈትላለን፣ አንተ ሥራልን፤ ለመስቀል አንድ ጋቢ እናልብሳቸው» አሉት። ደስ እያለው እሺ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ጥጥ በጥጥ ሆነ። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ እንዝርት ይሾራል። ዓይናቸው የደከመ አሮጊት በዳሰሳ ይፈትላሉ፤ እንዝርት ነክታ የማታውቅ ልጅ አያቷ ጎን ተቀምጣ እየበጠሰች እየቀጠለች ትማራለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ሕፃናቱም ማጉን በቀሰም ሊያጠነጥኑ ከሸማኔው ደጅ አይጠፉም።

ፈትሉ ሲደርሰው ሸማኔው ወደ ብርሃን ይዞ አየው። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ገና ሲነኩት የሚበጠስ። ልጆቹ ያጠነጠኑትም ተወሳስቧል። መስቀል ደርሷል፤ እሱ ደግሞ እንደ ወገኖቹ ለበዓሉ አገሩ መግባት አለበት። ሴቶቹን መውቀስ ከበደው። ስለዚህ ምንም ሳይናገር ፈትሉን እንደ መጣ በየሙዳዩ ጥግ አስቀመጠው። ልጆቹን «ሂዱ ተጫወቱ» ብሎ ሸኛቸው፤ ከገዛ ኪሱ የፋብሪካ ክር ገዝቶ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ጋቢውን ለቀኑ አደረሰ።

ጋቢው ያምር ነበር። እናትየው ለብሰው መረቁት፤ ሴቶቹም «እጅህ ይባረክ» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በዓመቱ ሌላ ችግረኛ ተገኘ። አሁን ሸማኔው ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ «እንደ አምናው እናድርግ» አለ። አንዷ ጥጥ የለኝም አለች፤ ሌላዋ እንዝርቴ ተሰብሯል። የተቆጣው የለም፤ የመጣለትም የለም። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው የደከመው አሮጊት ቤት ገባና «እማማ፣ ምን በደልኳችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምንም አልበደልከን ልጄ» አሉት። «ያን ቀን ስታለብሳት የጋቢውን ጫፍ ይዤ ዳሰስኩት። የእኔን ፈትል አጣሁት። ዓይኔ ነው ብዬ ጎረቤቴን ብጠይቃት እሷም የራሷን እየፈለገች ነበር።»

ሸማኔው ቤቱ ገብቶ ሙዳዮቹን ከጥግ አወጣ፤ አቧራውን አራገፈ። ጠንካራውን ፈትል ለድር፣ ደካማውን ለማግ ለየ። ሲበጠስበት ባለቤቷን ያስጠራና ራሷ ትቋጥረዋለች። ሕፃናቱንም መልሶ ጠራቸው። ሥራው ለመስቀል አልደረሰም፤ ኅዳር ላይ ወጣ። ጎርበጥ ያለ ጋቢ ነው። ሴቶቹ ዘርግተው ዙሪያውን ያዙትና «ይቺ የእኔ ናት»፣ «ይቺማ የእኔ ናት» እያሉ በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። አሮጊቷ ዝም ብለው ሲዳስሱ ቆዩ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

ለበጎ አድራጎት የሚሆን ትርኢት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ያሰናዳ ሰው ይህን ሸማኔ ያውቀዋል። እኔ እሱን ሆኜ አውቃለሁ። እዚሁ ጉለሌ ለአረጋውያን መርጃ የሚሆን ምሽት ስናዘጋጅ አንዲት ልጅ የሠራችውን ፖስተር ሌሊት ተነሥቼ እንደገና ሠራሁት። ጠዋት ግድግዳው ላይ አይታ «ቆንጆ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ልምምድ ላይ አረፈደች፤ ከዚያ በኋላ ስልኳም አልነሣ አለ። ያን ጊዜ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ደመወዝተኛን ሥራውን ብትቀማው ደመወዙ አይቀርበትም። በነጻ ለሚያገለግል ግን ደመወዙ ሥራው ራሱ ነው፤ እሱን በወሰድኩባት ሌሊት የወር ደመወዟን ከቦርሳዋ እንዳወጣሁ ይቆጠራል።

ይህ ማለት ሁሉን ለሁሉ መስጠት አይደለም። ሸማኔው ድርና ማግ ለይቷል። የአዳራሹ ቀብድና የቲኬቱ ገንዘብ ድር ናቸው፤ ከተበጠሱ ትርኢቱ አለቀ፣ ስለዚህ ለተፈተነ ሰው ይሰጣሉ። ፖስተሩ፣ የመድረክ ማስጌጡ፣ እንግዳ መቀበሉ ማግ ነው፤ ቢበጠስ ይቋጠራል፣ ጀማሪም እየበጠሰ ይማርበታል።

ጀማሪ መቅደሙ አዲስ ነገር አይደለም። ፒያሳ ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሲመሠረት ቴአትር ቤት አልነበረም፤ በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ለአገሩ ሊያነሣሣ የተነሣ ማኅበር ነበር። «ጉዳዩ የእኔ ነው» ያለ ሰው ቀደመ፤ የሠለጠነው የቴአትር ባለሙያ በኋላ መጣ። እዚህ እንጦጦ ሥርም ከተራራው እንጨት ያወርዱ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ በኖረበት አገር ራሳቸው እየሸመኑ ይሸጣሉ። ጋቢ ይደረብላቸው የነበሩት እናቶች እኅቶች ናቸው እንግዲህ መወርወሪያውን የያዙት። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

በሁለተኛው ዝግጅታችን መጋረጃውን ለአንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሰጠሁት። መድረክ መሪው የዘፋኞቹን ስም ጠርቶ ጨረሰ፤ መጋረጃው ግን አልተከፈተም። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። እግሬ ሊሮጥ ሲል ወንበሬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ገመዱ ተጠማዞበት ኖሯል፤ በጥርሱ ጭምር ታግሎ ፈታው፣ መጋረጃውም እየተንቀጠቀጠ ተከፈተ። ጭብጨባው ለዘፋኞቹ ነበር። እሱ ከጎን በኩል ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሟል፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቀውም።