የሚያባብለን ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በቋንቋችን «ማባበል» የሚባል ግስ አለ። እናት የሚያለቅስ ልጇን ታባብላለች፤ ወንበዴም መንገደኛን አባብሎ ወደ ጫካ ያስገባል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሁለቱም ድምፅ ለስላሳ ነው። ታዲያ መልካሙን ከክፉው በምን እንለየዋለን?

ደሊላ ሶምሶንን ያባበለችው በፍቅር ቃል ነበር። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 ግን ከጀርባዋ የነበረውን ይገልጥልናል፤ የፍልስጥኤም መኳንንት እያንዳንዳቸው 1100 ብር ሊሰጧት ቃል ገብተውላት ነበር። ሶምሶን የፍቅሩን ቃል ሰማ እንጂ የተከፈለበትን ዋጋ አልሰማም።

በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ደግሞ የሚያባብለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ከእርሱ የራቀችውን እስራኤልን ወዴት ሊወስዳት? ወደ ምድረ በዳ። እርሱ ሲያባብል ምድረ በዳውን አይሸሽግም። ጌታችንም ሊከተለው ለወደደው ጸሐፊ ማረፊያ ቤት እንደሌለው አስቀድሞ ነገረው (ማቴ. 8)።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ክፉ ማባበል ጥቅሙን አሳይቶ ዋጋውን ይደብቃል፤ መልካሙ ግን ዋጋውንም ይናገራል።

በአባሲያና በየሰው ቤት ያለን እኛ ይህን በኑሯችን እናውቀዋለን። ደላላ ስለ ዲናሩ ያወራል፤ በቪዛ 20 የመጣች ሠራተኛ ኢቃማዋ በአንድ ካፊል ስም እንደሚታሰር ግን አይናገርም። እዚህም «ኮንትራቱን ትተሽ ውጪ፣ እጥፍ ታገኛለሽ» የሚል አለ። ጠፍታለች ተብላ ልትከሰስ እንደምትችል፣ ብትታመም እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ እንደምትፈራ አይነግራትም። የሚወዳት ቢሆን ኖሮ መብቷንም በነገራት ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ የሳምንት ዕረፍትም እንድታገኝ ይደነግጋል። ድብደባ ሸሽታ የወጣች እኅት ግን ተታልላ አይደለም፤ ነፍሷን ልታድን ነው።

የተታለለችውስ? በዔድን ገነት ሔዋን ተጠይቃለች፤ እርግማኑ ግን አስቀድሞ የወረደው በእባቡ ላይ ነው። እኛ ይህን ቅደም ተከተል ስንገለብጥ «ማን ውጪ አላት?» እንላለን፤ ያታለላትን ግን ስሙን እንኳ አናነሣም። እንዲህ ያለው ፍርድ የወደቀችውን ዳግመኛ መጣል ነው።

የእኛም ስልክ ያባብላል። በገበያ አዳራሽ የተነሣነውን ፎቶ የምታይ ታናሽ እኅት አገር ቤት አለች። «እኔም ልምጣ?» ብላ በጠየቀችን ቀን የበጋውን ሙቀት፣ የሌሊቱን ሥራ፣ ዓርብ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ፈቃድ የሚያጡትን እንንገራት። ደመወዙንም አንደብቃት። ሁሉን ሰምታ ብትመርጥ ምርጫው በእውነት የእርሷ ይሆናል።

በእውነት የሚያባብለን አምላክ ከሐሰተኛ ድምፅ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።