ቃልና ሁለት ዲናር



በዘመናችን ግፍ በተፈጸመ ቁጥር ብዙዎች፣ ይልቁንም ወጣቶቻችን፣ ድምፃቸውን የሚያሰሙት በማኅበራዊ መገናኛ ነው። ይህ ለተበደለው መቆም ነውን? ወይስ ኅሊናን የሚያስተኛ፣ ከአንገት በላይ የሆነ ኀዘኔታ?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በቺቦክ ከተማ፣ ቦኮ ሐራም የተባለው ቡድን 276 ልጃገረዶችን ከትምህርት ቤታቸው አፍኖ ወሰደ። «ልጆቻችንን መልሱልን» የሚለው ጥሪ በማኅበራዊ መገናኛ አማካይነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ያ ድምፅ ከንቱ አልነበረም፤ ተሰውሮ ሊቀር ይችል የነበረውን የወላጆች ዕንባ በሕዝቦች ሁሉ ፊት ገልጦታል።

ይሁን እንጂ ዓለም ፈጥኖ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። በአቡጃ ከተማ ግን ጥቂት ሰዎች በአደባባይ እየተሰበሰቡ ለዓመታት መጠየቃቸውን አላቋረጡም። በጥቅምት 2016 21፣ በግንቦት 2017 ደግሞ 82 ልጃገረዶች የተፈቱት ቀይ መስቀልና የስዊዘርላንድ መንግሥት በረዱት ድርድር ነው። እስከ ዛሬ ያልተመለሱም አሉ። ጩኸቱ ሰሚ አስገኘ፤ ምርኮኞቹን ለማስፈታት ግን ትዕግሥትና ድካም አስፈለገ።

የቅድስት መንበር የመገናኛ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በግንቦት 2023 ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ያወጣው ሐዋርያዊ አስተንትኖ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ. 10፥25-37) መነሻ አድርጓል። ካህኑም ሌዋዊውም ቁስለኛውን አይተውታል፤ ማየታቸው ግን ባልንጀራ አላደረጋቸውም። ሳምራዊው ቀረበ፤ ቁስሉን አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደው። ልብ በሉ! እርሱም ተናግሯል፤ ቁስለኛውን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ አደራ የሰጠው በቃል ነው። ቃሉ ግን ሁለት ዲናር ይዞ ነበር።

እንግዲህ ከመጻፋችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። የምጽፈው እውነት ነውን? ሳያጣሩ ወሬ መንዛት በስምንተኛው ትእዛዝ የተከለከለውን የሐሰት ምስክርነት ወደ መስጠት ያደርሳልና። የምጽፈው ለተበደለው ነው ወይስ ለራሴ ስም? ከጻፍሁስ በኋላ ምን አደርጋለሁ?

መምህራን ሆይ፣ ስለ ተፈናቀሉት የሚጽፈውን ወጣት አትንቀፉት፤ በቁምስናው አጠገብ የተጠለለውን ቤተሰብ ግን አሳዩት። ከአልጋው መነሣት የማይችል በሽተኛ ስለ እውነት የሚጽፋት አንዲት ቃል ከጸሎቱ ጋር በጌታ ፊት እንደ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ናት። መሄድ እየቻልን በቃል ብቻ የቀረን ግን ዲናራችንን በኪሳችን ይዘናል።

የእግዚአብሔር ቃል ሥጋችንን ለብሶ ወደ እኛ ቀርቧል እንጂ ከሩቅ ሆኖ ተናግሮን ብቻ አልቀረም። የእኛም ቃል እጅና እግር አግኝቶ እስከ ቁስለኛው እንዲደርስ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።