በምሳር የሚቆረጠውን ማን ይዘራዋል?

እግዚአብሔር አምላክ በዕለተ ሠሉስ ከምድር ያስገኛቸው ሦስት ወገን እንደ ሆኑ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ ይኸውም በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት ናቸው። ይህን አከፋፈል እኔም በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፤ በኋላም ለብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ዛፍ በትምህርታችን ተለይቶ የሚታወቀው በሚቆርጠው መሣሪያ መሆኑን ልብ ብዬ የጠየቅሁበት ቀን አልነበረም። በምሳር ሊቆረጥ የተፈጠረ ከሆነ መቁረጡ ስለ ምን በደል ይባላል? በደል ካልሆነስ አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ዐጸድ ዛፍ ማንም እንዳይነካው ስለ ምን በግዝት አጠሩት?

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ ከደብራችን ምእመናን የአንድ ገበሬ ኀዘን ነው። ልጁ ዲያቆን ነበረ፤ ጥቂት ቅኔ ከቈጠረ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብቶ ፈተናውን አለፈና ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። የተመደበበት ትምህርት ግን የደን አያያዝና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሆነ። አባትየው ከቤቴ መጥቶ፣ «አባ፣ ሐኪም ይሆንልኛል ብዬ በሬ ሸጬ የላክሁት ልጅ ዛፍ ሊቈጥር ሄደ። ዛፍንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ይህ ምን ትምህርት ይባላል?» አለኝ። አጽናናሁት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር በልቤ ከእርሱ ጋር ነበርሁ።

ልጁ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲመለስ የዐጸዱን ዛፎች ለመለካት ፈቃድ ጠየቀ። ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ ዛፉ የተቈጠረበት ደብር ነገ መወረሱ አይቀርም ብለው ተቃወሙ፤ የ1967ቱን የመሬት ዐዋጅ ያየ ሰው የመለኪያ ገመድ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በመጨረሻ ተፈቀደለትና ሦስት ቀን ሲለካ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ማታ መጥቶ፣ «የኔታ፣ ሽማግሌዎቹን ቈጠርኋቸው፤ ልጆቻቸው ወዴት አሉ?» አለኝ። አብሬው ወጥቼ አየሁ። ከወይራውም ከጽዱም ከዝግባውም ሥር የእጅ ጣት የሚያህል ቡቃያ አልነበረም። ወደ ዐጸዱ የሚገባው ከብት፣ የለቀስተኛውና የበዓለኛው ፈረስ እየጋጠ ምድሩን አውድማ አድርጎታል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ለብዙ ዓመታት በየሰንበቱ ስትታሰር የኖረችው የእኔው በቅሎ ነበረች። ግዝቱ ምሳርን ይከለክላል፤ ስለ በቅሎ ግን የተናገረ አልነበረም።

ልጁ የነገረኝ የራሱን ግምት ብቻ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ለብዙ ዓመታት የደከሙት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት በሚገባበት ዐጸድ ችግኝ ሊጸና እንደማይችል፣ በታጠረበት ግን እንደሚበረክት በምርምር አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ከባልደረባቸው ጋር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ያመለከቱት ነው፤ ከነዚህ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቈይም። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች በኋላ ምድር ራስዋ ታበቅለዋለች ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በማጭድ የሚታጨደውን የሚያጭድ ገበሬ አስቀድሞ ዘሩን ይለያል፤ በክፉ ቀን ልጆቹ እየራባቸው እንኳ የዘሩን ጤፍ ለይቶ ያኖራል፤ ዘሩን የበላ ቤት መጥፋቱን ያውቃልና። በእጅ የሚለቀመውንም ሥሩን ነቅሎ የሚለቅም የለም። ምሳር የያዘ ሰው ብቻ ሳይዘራ ይቆርጣል። ማጭድ የአዝርዕት መጠሪያ መሆኑ አለመዝራትን እንዳልፈቀደ ሁሉ፣ ምሳርም የዕፅዋት መጠሪያ መሆኑ ማጥፋትን አልፈቀደም። ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ዕፅዋት ሲናገር ዘር በውስጣቸው እንዳለ ጨምሮ የሚናገረው በከንቱ አይደለም። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 20 ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያላቸውን ዛፎች እንዳያጠፋ ይከለክላል፤ ሌላውን ግን ለሥራ እንዲቆርጥ ይፈቅዳል። ሕጉ ለምሳር ወሰን አበጀለት እንጂ ምሳርን አልሻረም። እኛም ከበሮአችንን ከዋንዛ፣ መቋሚያችንን ከወይራ፣ የመቅደሳችንን ጣራ ከጽድ አግኝተን ምሳርን ልንረግም አይገባንም።

በምሳር የሚቆረጠው ያልተዘራበት ምክንያት ምንድር ነው? ጤፍ የዘራ በዚያው ዓመት ይበላል። ዝግባ የዘራ ግን አይበላም፤ ልጁም ላይበላ ይችላል። ስለዚህ ዝግባ መዝራት ገና ላልተወለደ ሰው የሚሰጥ ምጽዋት ነው፤ ተቀባዩ ሰጪውን አያውቀውም፤ ሊያመሰግነውም አይችልም። ጌታችን በስውር ስለሚሰጥ ምጽዋት ያስተማረውን ስንተረጕም ከዚህ የሚበልጥ ስውር ምጽዋት ጠቅሰን እናውቃለን? እኔ ጠቅሼ አላውቅም።

ልጁ የሚማረውም ከዚህ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ደን በየዓመቱ የሚያድገው ልክ አለው፤ የሚቆረጠውም ከዚያ ልክ እንዳያልፍ መለካት ያስፈልጋል፤ ያለፈው ሁሉ ከመጪው ትውልድ የተወሰደ ዕዳ ነው አለኝ። ይህን አሳብ ቀደም ብሎ በመጽሐፍ የጻፈው፣ በጀርመን አገር በሳክሶን የማዕድን ሹም የነበረው ካርሎቪትስ ነው፤ ማዕድን ማቅለጫው እንጨቱን ሲጨርስበት አይቶ በ1713 ጻፈው። በእኛም አገር የደን ትምህርት ቤት በወንዶ ገነት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ተከፍቷል፤ ዛሬ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት የተመሠረተው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን ያስተምራል።

ትምህርቱ የሚዘገይ እንጂ የሚቸኵል እንዳልሆነ የራሳችን የጎጃም ምድር ይመሰክራል። ዶክተር ገቴ ዘለቀና ስዊሳዊው ሁርኒ በደንበጫ አካባቢ አጥንተው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የተፈጥሮው ደን በ1957 ከመቶ 27 እጅ የነበረው በ1982 ወደ 2፣ በ1995 ወደ 0.3 እንደ ወረደ ጽፈዋል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ የቈረጡትም ሌሎች ሳይሆኑ እኛና አባቶቻችን ነን።

ለዚህስ ባሕር ዛፍ አለ የሚል ይኖራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ በምሳር ተቆርጦ ከጕቶው ያቈጠቍጣልና ዘሪ አያሻውም። የማገዶና የቤት ዕንጨት ሆኖ የተረፈውን ያገር ዛፍ ከምሳር እንዳዳነ አልክድም። ነገር ግን ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን ጨሞጋን ያጠኑት ዶክተር ወልደ አምላክ በውቀት፣ በአካባቢው በባሕር ዛፍ ተከላ ምክንያት የዛፍ ሽፋን እንኳ መጨመሩን፣ የበጋው የወንዝ ውኃ ግን ከ1960 እስከ 1999 ድረስ እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። የተፈጥሮው ዕፅ መጥፋት፣ የእርሻ መስፋት፣ የግጦሽ መብዛት፣ የባሕር ዛፉም መስፋፋት በምክንያትነት ተቈጥረዋል። እኛ ግን በአንዳንድ አድባራት ያገሩን ዛፍ መንጥረን፣ ለካህናት ደመወዝና ለሕንፃ ማሳደሻ ብለን በዐጸዱ ውስጥ ባሕር ዛፍ ተክለናል። በጸሎታችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ እየለመንን በእጃችን ይህን ማድረጋችን እንዴት ይታረቃል? ችግሩ የገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ደመወዙን ከሚቀበሉት አንዱ ነኝና።

ዱርን የተከለ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ይዘራዋል ማለት ትዕቢት ነው ብለው የተከራከሩኝ አንድ መነኵሴም ነበሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሚያሳድግ እግዚአብሔር መሆኑን ማስተማሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ መትከሉን፣ አጵሎስም ማጠጣቱን አልተወም።

ይህን ሁሉ ስል ኩበት አልቆባት ለልጆችዋ ራት ጭራሮ የምትለቅም ድኻ ሴት ላይ ቀንበር እንዳልጭን እፈራለሁ። ከእርስዋ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው መሬት ያለው ነው፤ መሬት ካላቸውም ቤተ ክርስቲያን አንዲቱ ናት።

በሰበካ ጉባኤያችን ነገሩን አነሣሁት። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን የሰሜኑን ወገን ብቻ በድንጋይ ለማጠር ተስማማን፤ በዚያ በኩል መቃብር ያላቸው ቤተሰቦች እስካሁን ቅር ብሏቸዋል። ልጁ ዐምና ተመርቆ ሥራ ስላላገኘ ከአባቱ ጋር ያርሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዐጸዱ ይመጣል። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ካልተሰበረ ቶሎ አይበቅልም፤ ውስጡን ሳይጐዳ በድንጋይ መስበሩን ከሁሉ ይልቅ የቻለበት አባትየው ሆኗል። በሰኔ ከዘራናቸው ሰባ ፍሬዎች እስከ መስከረም መጨረሻ ዐሥራ አንዱ ብቅ ብለዋል። በቅሎዬም ከበሩ ውጭ ትታሰራለች።